ሲጠብቅ በር፣ ሲላላ መንገድ

ጥቅምት 27 ቀን 2008

አቶ አሥራት ዛሬም ሐሳባቸውን ቀየሩ። የፋብሪካው ባለቤት ወኪል ናቸው፤ ሐሳብ መቀየር ሥራቸው ይመስላቸዋል። ባለፈው ሳምንት የመግቢያው ወለል ነጭ ይሁን ብለው ነበር፤ ዛሬ ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ግራጫ ይሁን አሉ። የቢሯቸው መስኮት ወደ ጅማ መንገድ እንዲያይ አስደርገው ነበር፤ አሁን የመኪና ጩኸት አለው፣ ወደ ግቢው ይዙር። እኔ የተቋራጩ ቢሮ ኢንጂነር ነኝ። እያንዳንዱን ቅያሬ በለውጥ ጥያቄ ቅጽ ላይ እሞላለሁ፤ አለቃዬ ኢንጂነር ኪሩቤል ይፈርማል፤ አቶ አሥራት ያጸድቃሉ። የራሳቸውን ጥያቄ ራሳቸው ያጸድቃሉ ማለት ነው። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተንገላታሁት የሰው አመል ለመመዝገብ ኖሯል።

ለነገሩ እኔም የኔ የምለው አንድ ጥያቄ አለኝ። መስከረም ላይ የአጥሩ መስመር ሲቀየስ ከፋብሪካው ጀርባ ያሉት ገበሬዎች ሽማግሌ ላኩ። አጥሩ ወደ ወንዙ የሚወርዱበትን ስለሚቆርጥባቸው ነው። የተናገሩት ኦቦ ደቻሳ ነበሩ። ኢንጂነር ኪሩቤል ኦሮምኛ አይሰማም፤ እኔ ተጠራሁ። እኔ እዚሁ ሰበታ፣ በአባቴ በየህያ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ያደግኩ ነኝ፤ ኦሮምኛ ለኔ ስኳር እንደ መስፈር ነው። «ካራ ኑፍ ዲሳ» አሉ። በር ተዉልን ማለት ነው። ጻፍኩ፤ ጸደቀ። እሳቸውም ለመንደሩ «ቃል ተገብቶልናል፣ ሥራው አይከልከል» ብለው አጥሩ ያለ ምንም ጠብ እየተገነባ ነው። የለውጥ ጥያቄ ሰላም ሲያወርድ አየሁ ብዬ ለአባባ ጉራዬን ነዛሁበት።

ኅዳር 6

የኋላው አጥር ተጋጠመ። በሩም ተተከለ፤ ባለ ሁለት ተከፋች ብረት፣ ቡናማ ቀለም። ቁልፉ ከዘበኛው ጋር ነው።

ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጊንጪ ነው። ተማሪዎች ወጥተዋል አሉ። አንዱ «ስለ ማስተር ፕላኑ ነው፣ አዲስ አበባ መሬታችንን ልትውጥ ነው ብለው ነው» አለ። ሌላው «ዝም በሉ፣ ታክሲ ውስጥ ነን» አለ። ከዚያ በኋላ ረዳቱ ብቻ ነበር የሚናገረው፤ «ካራ! ካራ ቆሬ የቀረ!» እያለ።

ኅዳር 13

ምን ዓይነት ቀን ነው ይሄ።

ኦቦ ደቻሳ ጠዋት ቢሮ መጡ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ስለ እኔ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሱቁ አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ካራችን መቼ ነው የሚተውልን?»

የቀለዱ መሰለኝ። በመስኮት በኩል አሳየኋቸው። «ይኸውልዎት ካራው፣ ቀለም ሳይቀር ተቀብቶ!»

«እሱማ ካራ ነው» አሉ። «እኔ ያልኩት ካራ ነው።»

ለኔ አንድ ቃል ሁለቴ ነው የተባለው። ፈገግ ብዬ ቆምኩ። እሳቸውም ፊቴን አይተው መሰለኝ «ግድ የለም፣ አባትሽን ጠይቂው» ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

ማታ ሱቅ ገብቼ «አባባ፣ ካራ ምንድን ነው?» አልኩት። ስኳር እየሰፈረ «የትኛው?» አለኝ። «ራ ሲጠብቅ በር ነው፣ ሲላላ መንገድ ነው። በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ቢላዋ ነው» ብሎ ሳቀ። ለምን እንደጠየቅኩት ስነግረው መሳቁን ተወ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለ። «ነገ በጠዋት ተሳስቼ ነው በይ። አሁን ከነገርሻቸው ይስቁብሻል። ከቆየ ግን የሚስቅ አይገኝም።»

የአፍ ወለምታ አይደለም። የፊደል ነው። በእኛ ፊደል የላላውም የጠበቀውም ካራ ተብሎ ነው የሚጻፈው። እኔ ማስታወሻዬ ላይ ካራ ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ እስከዚያ ድረስ አልተሳሳትኩም። ቢሮ ስመለስ ነው በር ያልኩት። እንዲያውም ማን ያስባል? መንገድ ጠይቆ በር የሚሰጠው ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

በር ይዘጋል። መንገድ አይዘጋም። አሁን ሲገባኝ የጠየቁት ከአጥሩ ውጭ፣ ለማንም የማይዘጋ፣ ከብትም ሰውም እንዳሻው የሚወርድበት ነበር። የሰጠናቸው በግቢያችን ውስጥ ዘበኛ እያየ የሚያሳልፋቸውን ነው።

ኅዳር 14

ለኢንጂነር ኪሩቤል ነገርኩት። ወንበሩን ወደ ኋላ አዘነበለ።

«መንገድ ከሆነ አጥሩ ፈርሶ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የከባድ መኪና ማቆሚያውን ይበላል። ቅጹን ሙዪ፣ እናየዋለን። ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልትጽፊ ነው?»

«የትርጉም ስህተት።»

«ስህተት ካልሽ የእኛ ነው። የእኛ ከሆነ በራሳችን ወጪ እናፈርሳለን። ዋናው ቢሮ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔ ደግሞ ወዴት እንደምጠቁም ታውቂያለሽ። አዲስ ጥያቄ በይው። አዲስ ጥያቄ ማንን ገደለ? አቶ አሥራት በየሳምንቱ አዲስ ጥያቄ አላቸው አይደል?»

እውነቱን ነው። ሁለት መስመር ነው የሚመረጠው፤ ወይ ስህተት ወይ አዲስ ጥያቄ። ለእኛ አዲስ ነው፤ መንገድ የሚባል ነገር ከዚህ በፊት ፋይላችን ውስጥ የለም። አዲስ ጥያቄ ብዬ ጻፍኩ። ጠያቂ በሚለው ላይ «የአካባቢው ኅብረተሰብ» አልኩ። «ኅብረተሰብ ስም አይደለም፣ የሰው ስም ጻፊ» አለኝ። ደቻሳ ገርባ ብዬ ጻፍኩ። መቼም ጥያቄው የሳቸው ነው፣ የሌላ ሰው ስም ልጽፍ ነው?

ኅዳር 20

ስብሰባ። አቶ አሥራት ቅጹን አነበቡና ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«በር ስንሰጣቸው መንገድ። መንገድ ስንሰጣቸው ደግሞ ፋብሪካውን። ጊዜውን አይተው እኮ ነው!»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ኢንጂነር ኪሩቤልን አየሁት፤ ስልኩን እየነካካ ነው። ሻይ መጣ። ስኳር ስንት አሉኝ፣ ሁለት አልኩ። ከዚያ ወሬው ወደ ካፌው የእጅ መታጠቢያ ሄደ። የእጅ መታጠቢያው ቅያሬ እዚያው ጸደቀ። የመንገዱ «በመታየት ላይ» ተብሎ አደረ።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 27

በችኮላ። በሩ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እንዲዘጋ ታዘዘ። ማን አዘዘ? አይታወቅም። አዴ ወርቅቱ፣ የኦቦ ደቻሳ ባለቤት፣ ጄሪካናቸውን ይዘው ከወንዙ በኩል ቀሩ። ዘበኛው አልከፍትም አለ። በአስፋልቱ ዞረው ገቡ፤ ሲኖትራኮቹ በሚበሩበት።

ጠዋት አገኘኋቸው። «እኔስ ግድ የለም» አሉኝ። «ከብት ግን ሰዓት አያውቅም።»

ጥያቄው በመታየት ላይ ነው አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል።

ታኅሣሥ 4



ረፋድ ላይ ከቡራዩ ሳይታችን ተደወለ፤ ተኩስ እየሰማን ነው፣ ዘግተናል አሉ። ቀጥሎ ሱሉልታ ሳይት ያለችው ባልደረባዬ ያኔት ደወለች፤ እዚያም መንገድ ተዘግቷል። ከቀትር በኋላ ሰበታም ደረሰ። ኢንጂነር ኪሩቤል መኪናውን አስነሥቶ «አንቺ የአካባቢው ልጅ ነሽ፣ ችግር የለብሽም» አለኝና ወደ አዲስ አበባ ከነፈ። ሠራተኛው ተበተነ። ታክሲ የለም። በእግሬ ወጣሁ።

አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል። ወጣቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሱቃችን ሲላኩ አውቃቸዋለሁ። የኩባንያውን ሰደርያ እንደለበስኩ ነው የወጣሁት፤ ቂል። አንዱ በኦሮምኛ የት እንደምሠራ ጠየቀኝ። ያ ሁሉ የምኮራበት ኦሮምኛ ከአፌ ጠፋ። አንዲት ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ኦቦ ደቻሳ ከየት እንደመጡ አላየሁም። ክንዴን ያዙና «ኢሼን ኬኛ» አሏቸው። የእኛ ናት ማለት ነው። ልጆቹ አሳለፉኝ። እስከ ሱቃችን ደጃፍ ድረስ አደረሱኝ፤ ክንዴን ሳይለቁ።

መንገድ ላይ «ወረቀቱ ምን ደረሰ?» አሉኝ።

«እየታየ ነው።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽው?»

«እንደነገሩኝ» አልኩ።

አባባ ግማሽ በሩን ከፍቶ አስገባኝ። እማማ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ታኅሣሥ 9

ትናንት ማታ ወጣቶች እስከ ኋላው አጥር መጥተው ነበር። ዘበኛው ነው የነገረኝ። ኦቦ ደቻሳ ጀርባቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቆሙ አለ። «ልጅቷ ጽፋልናለች፤ ወረቀቱ ገብቷል፤ ታገሡ» ብለው ለመኗቸው። ተመለሱ። ፋብሪካው ላይ አንድ ጠጠር አላረፈም።

አቶ አሥራት በአገናኝ መንገዱ ለኢንጂነር ኪሩቤል ሲሉ ሰማሁ፦ «የሚመልሳቸው እሱ ከሆነ የሚያመጣቸውም እሱ ነው።»

ሰው እንዴት እንዲህ ያስባል? ኢንጂነር ኪሩቤል ይመልስላቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ብርጭቆ እያጠብኩ። ውሃውን ዘጋሁት፤ መልሼ ከፈትኩት።

ታኅሣሥ 12

ሰዎች መጡ። የደንብ ልብስ የለበሱም ያልለበሱም። በዚህ አካባቢ ጥያቄ የሚያነሣው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ኢንጂነር ኪሩቤል ፋይሉን አወጣ። ፎቶ ኮፒው ሲንጫጫ ከጠረጴዛዬ ይሰማኝ ነበር።

ማታ ኦቦ ደቻሳን ከቤታቸው ወሰዷቸው።

ታኅሣሥ 14

መውሊድ። ሱቅ ዝግ ነው፤ እንግዳ ግን እንደ ወትሮው አልመጣም። አባባ ከምሳ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስህተቱን ነግረሻቸዋል አይደል?»

«ነግሬያለሁ።»

እውነቴን ነው። ለኢንጂነር ኪሩቤል ነግሬዋለሁ። ለማን ብሎ አልጠየቀኝም። ይልቅ ራሴን ዳበሰኝ፤ እንደ ልጅነቴ። ምነው በመታኝ።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ ጻፍኩት። በሥርዓቱ፣ በቅጹ፦ «ቀደም ሲል አዲስ ጥያቄ ተብሎ የቀረበው የመጀመሪያው ጥያቄ ስለሆነና ስህተቱ በቢሯችን ትርጉም የመጣ ስለሆነ እንዲታረም።» ጠያቂ ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። እንደ ዛሬ ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ኢንጂነር ኪሩቤል ሁለቴ አነበበው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አጻጻፍሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን አስቢው ሉብና። ይሄ ሰውየውን አያስፈታም፤ እኛን ነው የሚያስገባን። ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅታችሁ ሰጣችሁን ይሉናል። አንቺ ደግሞ ሴት ልጅ ነሽ። ነገሩ ይብረድ፣ ያኔ እናወጣዋለን።»

መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ይብረድ ብሏል። መቼም ሁሉም ነገር ይበርዳል። መልሰህ ስጠኝ ማለት እችል ነበር። ሌላ መጻፍም እችል ነበር፤ ባዶ ቅጽ ሞልቷል።

አልቻልኩም። ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ፈራሁ።

ታኅሣሥ 22

የለውጥ ጥያቄ። ጠያቂ፦ አቶ አሥራት። ምክንያት፦ ደኅንነት። የኋላው በር በብሎኬት ይደፈን።

ሞላሁ። ከምሳ በፊት ጸደቀ። ግንበኞቹ ሲጨርሱ ወጥቼ ለካሁ፤ ሥራዬ ነው። ጥሩ ግንብ ነው፤ ልስኑ ሲደርቅ በር እንደነበረ እንኳ አይታወቅም።

ታኅሣሥ 28

ገና። የኢንጂነር ኪሩቤል ቤት ተጠርተን ነበር፤ አልሄድኩም። አዴ ወርቅቱ ከሱቃችን ሻማ ሲገዙ ከጓዳ ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁ። አባባ ዋጋ አልተቀበላቸውም። «ልጅህ የምትሠራው የት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ እንዳይመጣ እፈራለሁ» አለኝ ከሄዱ በኋላ። አባባ ፈርቶ አያውቅም ነበር።

ጥር 4

ማስተር ፕላኑ ቀረ። በቴሌቪዥን ተነገረ። ሰበታ ውስጥ መኪናው ሁሉ ጡሩምባ ነፋ፤ ሱቁ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች አቀፉኝ። አባባ ለሰው ሁሉ ለስላሳ ከፈተ። ያን የሚያህል ፕላን ተሰርዞ የእኔዋ አንዲት አጥር ግን በመታየት ላይ ናት።

ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ይፈታሉ ብዬ። ፕላኑ ከቀረ ጠያቂውን ምን ያደርጉታል?

ቢሮ ለኢንጂነር ኪሩቤል «በረደ እኮ» አልኩት። «ትንሽ ይቆይ» አለኝ።

ጥር 13

አልተፈቱም። ወደ አዲስ አበባ ተዛውረዋል አሉ።

አቶ አሥራት መስኮታቸውን እንደገና ወደ ጅማ መንገድ አዞሩት።

ጥር 21

አዴ ወርቅቱ ቤታችን ድረስ መጡ። እማማ አስቀመጠቻቸው። መርማሪው አማርኛ ብቻ ነው የሚችለው አሉ። የኦቦ ደቻሳ አማርኛ ደግሞ ከሰላምታና ከእህል ዋጋ አያልፍም። ቃላቸውን የሚሰጡበት ቀን ተቀጥሯል፤ ቤተሰብ የሚያምነው አስተርጓሚ ካለ አምጡ ተብለዋል።

«እሱ ራሱ ነው ሉብና ትምጣልኝ ያለው» አሉኝ። «ነገሩን ከሥሩ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እማማ «እንዴታ! ትሄዳለች» አለች። አባባ እኔን ነበር የሚያየው። አላህ ራሱ በሩን ከፈተልኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ ተሳስቼ ነው።

ጥር 24

ጠዋት በታክሲ ሄድን። አዴ ወርቅቱ ምሳ ቋጥረው ነበር፤ እንዲያስገቡት አልተፈቀደላቸውምና ከበሩ ውጭ ይዘውት ቀሩ።

መርማሪው የሚያስፈራ ሰው አልነበረም። ከኔ ብዙም አይበልጥም። ወንበር ሰጠኝ፣ መታወቂያዬን መዘገበ፣ የት እንደምሠራ ጠየቀኝ። ስነግረው ቀና ብሎ አየኝ። «አሃ፣ ወረቀቱ ከእናንተ ነው የመጣው» አለ። «ማን እንደሞላው ታውቂያለሽ?» «ቢሮው ነው» አልኩ።

ኦቦ ደቻሳን አስገቧቸው። ከስተዋል። ከዘራ የላቸውም፤ ሲራመዱ ግድግዳውን ይዘው ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። እዚያም ሆነው አባቴን ጠየቁኝ፣ እናቴን፣ ሱቁን። መርማሪው ታግሦ ጠበቀ። ከዚያ የማውቀውን ወረቀት ከፊቱ አስተካከለ።

«በር ከተሠራላቸው በኋላ ይህን አዲስ ጥያቄ ያነሣው እሱ ራሱ ነው? ጠይቂልኝ።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። በኦሮምኛ «የካራው ጥያቄ የእርስዎ ነው ወይ ይልዎታል» አልኳቸው። ራን አላልቼ፣ መንገድ አድርጌ፤ በትክክል። አዲስ በኦሮምኛ ሃራ ነው። አውቀዋለሁ፤ ሱቅ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ የምንለው ቃል ነው። አላልኩትም። እንዴት እንደዘለልኩት አላውቅም። ስናገር ዓረፍተ ነገሩ ያለ እሱም ሙሉ ሆኖ ተሰማኝ።

«ኤዬ» አሉ፤ አዎ። ምንም አልደነገጡም። «ካን ኮቲ። ዱሩማ ካሴ።»

የኔ ነው። ከድሮ ጀምሮ።

መርማሪው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል። ኦቦ ደቻሳም ይጠብቁኛል፤ አገጫቸውን ወደ እሱ ነቅነቅ አደረጉ፣ በይ ንገሪው እንደማለት። ከድሮ ጀምሮ ካልኩ ቀጣዩ ጥያቄ ታወቀኝ፦ ከድሮ ጀምሮ ከሆነ አዲስ ብሎ የጻፈው ማን ነው?

«አዎ፣ የእኔ ነው ይላሉ» አልኩ።

«ሌላ የጨመረው የለም?»

«የለም።»

ጻፈ። ያነበበውን ተረጎምኩላቸው፤ እንደዚያው አሳጥሬ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አድርገው ፈረሙ። ሁሉን ቃል አንድ በአንድ መተርጎም እንደማይቻል ማንም አስተርጓሚ ያውቃል። ዋናው ሐሳብ ነው የሚተላለፈው። ዋናው ሐሳብ ተላልፏል።

ሊያወጧቸው ሲሉ ቆም ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ጋለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ።

«ምን አለ?» አለ መርማሪው።

«አመሰገኑኝ» አልኩት።